የተነቀለው መዘውር

ነገሩ የሆነው በቱኒዚያ ዋና ከተማ በቱኒስ ነው፤ በኖቬምበር 2005። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) የመረጃ ኅብረተሰብን የሚመለከት የዓለም ጉባኤ ተሰብስቧል። በመድረኩ ላይ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። አንደኛው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ናቸው፤ ሁለተኛው በአሜሪካ የኤም.አይ.ቲ. ሚዲያ ላብ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ። በእጃቸው መጫወቻ የምትመስል አረንጓዴ ላፕቶፕ ይዘዋል። በጎኗ ቢጫ መዘውር አላት። መብራት በሌለበት መንደር የሚኖር ሕፃን መዘውሯን እያዞረ ኃይል ይሞላታል፤ ዋጋዋም ወደ አንድ መቶ ዶላር ይሆናል ተባለ። ጋዜጠኞች መዘውሯን አዙረው እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁ። አናን ገና ከመንካታቸው መዘውሩ ተነቅሎ ወጣ። ምንም ሳይናገሩ መልሰው ሰኩት። ኔግሮፖንቴም በተራቸው ሞከሩ፤ ግማሽ ዙር እንኳ በቅጡ ሳይሄድ መዘውሩ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ።

ይህን ታሪክ የሚያነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለመሣቅ ያነሡታል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ሥቄ ነበር። ኋላ ግን የዚያችን አረንጓዴ ላፕቶፕ ታሪክ ከምንጩ እስከ መድረሻው ስከታተለው ሣቄ ቀዘቀዘ። ከራሴ የትምህርት ቤት ትዝታ ጋር የሚገናኝ ነገር አገኘሁበት። እኔም በልጅነቴ ከመማሪያ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ተአምር ፊት ተቀምጬ አውቃለሁና።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከሥሩ ልጀምር።

የሐሳቡ አባት ሲሞር ፓፐርት ናቸው። በ1928 በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ የተወለዱ የሒሳብ ሊቅ ሲሆኑ፣ በጄኔቫ ከታላቁ የሕፃናት አእምሮ ተመራማሪ ከዣን ፒያዤ ጋር ሠርተዋል። ከፒያዤ የወሰዱት ዋና ትምህርት ሕፃን ዕውቀት የሚቀዳበት ባዶ እንስራ አለመሆኑን ነው። ሕፃን ዕውቀትን ራሱ ይሠራዋል፤ ያፈርሰዋል፤ መልሶም ይገነባዋል። ፓፐርት በዚህ ላይ የራሳቸውን አከሉበት፦ ለሕፃኑ የሚገነባበትን መሣሪያ ስጡት፤ መሣሪያውም ኮምፒውተር ይሁን አሉ። በ1967 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሎጎ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠሩ። በሎጎ ሕፃኑ አንዲትን ኤሊ ወደ ፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ እያለ ያዝዛታል። ኤሊዋ በሄደችበት ሁሉ መሥመር ትሥላለች፤ ሕፃኑም ጂኦሜትሪን ሲጫወት ይማራል። በ1972 ደግሞ አለን ኬይ የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ዳይናቡክ ያሉትን፣ ሕፃን በብብቱ ይዞት የሚዞር መጽሐፍ መሰል ኮምፒውተር በወረቀት ላይ ነደፉ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ክፍል ሙሉ የሚይዝ ግዑዝ ነበርና፣ የኬይን ንድፍ ያየ ሰው ተረት ቢለው አይፈረድበትም።

ሐሳቡ ወደ አፍሪካ የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። በ1982 ፓፐርትና ኔግሮፖንቴ በፈረንሳይ መንግሥት ድጋፍ፣ በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ለሚገኙ ተማሪዎች አፕል 2 ኮምፒውተሮችን አደረሱ። ድጋፉን የሚሰጠው የፓሪስ ማእከል ብዙ ዕድሜ አላገኘም። ሐሳቡ ግን በሁለቱ ሰዎች ልብ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ቆየ።

በጃንዋሪ 2005 ኔግሮፖንቴ በዳቮስ የመቶ ዶላሩን ላፕቶፕ ይፋ አደረጉ። አንድ ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ሕፃን የሚል ስም ያለው ድርጅትም ተቋቋመ። መንግሥታት በሚሊዮን እየቆጠሩ ይገዛሉ፤ በብዛት ሲመረት ዋጋው ይረክሳል፤ ላፕቶፑም የሕፃኑ የግል ንብረት ሆኖ ቤቱ ይገባል፤ ይህ ነበር ዕቅዱ።

እውነቱን ለመናገር ላፕቶፒቱ ውብ ሥራ ነበረች። በ2007 መጨረሻ ከታይዋኑ ከኳንታ ፋብሪካ በብዛት መውጣት ስትጀምር መዘውሩ ቀርቷል፤ ሌላው ግን የሚያስደንቅ ነበር። ኪቦርዷ በጎማ የተሸፈነ ስለሆነ አቧራና ውሃ አይገባውም። እንደ ጥንቸል ጆሮ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሁለት አንቴናዎች አሏት፤ በነዚህም ላፕቶፖቹ ኢንተርኔት በሌለበት እንኳ እርስ በርስ ይገናኛሉ። የምትፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል ጥቂት ነው። ከሁሉ በላይ እኔን የማረከኝ ስክሪኗ ነው። ሜሪ ሉ ጄፕሰን የተባሉት መሐንዲስ የሠሩት ይህ ስክሪን በጠራራ ፀሐይ ይነበብ ነበር። ፀሐይዋ በበረታች ቁጥር ፊደሉ እንደ ወረቀት ላይ ጽሕፈት ይጠራል። ሊቃውንቱ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በደጃፍ ተቀምጦ የሚያነብ ሕፃን በዓይነ ሕሊናቸው እንደታያቸው ከዚህ ይታወቃል።

ገበያው ግን እንደ ሕልሙ አልሆነም። ናይጄሪያም ሊቢያም ታይላንድም ስማቸው በሚሊዮን ከሚገዙት ተርታ ሲነሣ ቆይቶ ነበር። በታይላንድ በሴፕቴምበር 2006 መፈንቅለ መንግሥት ሆነ፤ ግዢውም አብሮ ቀረ። የሌሎቹም ቃል ቃል ብቻ ሆነ። በሚሊዮን ይመጣሉ የተባሉት ትእዛዞች ሳይመጡ ሲቀሩ ዋጋውም ወደ መቶ አልወረደም፤ ምርት ሲጀመር 188 ዶላር ያህል ነበር። በ2007 ኤሱስ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ኢኢ ፒሲ የተባለች ትንሽና ርካሽ ላፕቶፕ ለገበያ አቀረበ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉት። ርካሽ ላፕቶፕ ሊሠራ እንደሚችል ያሳዩት ሊቃውንት ነጋዴውን አነቁት፤ ነጋዴውም ቀደማቸው። በጃንዋሪ 2009 ድርጅቱ ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉን አሰናበተ።

ይሁን እንጂ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ላፕቶፖች ወደ ሕፃናት እጅ ደርሰዋል። በሕፃናቱ እጅ ምን ሆኑ? ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ዋናው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ የገዛችው ፔሩ ናት፤ ከ800,000 በላይ። በአንዲስ ተራሮች ላይ እስከተበተኑት ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ድረስ አደረሰቻቸው። በ2012 የወጣና በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች የተካሄደ ጥናት ግን ላፕቶፑን ያገኙት ልጆች በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ካላገኙት እንዳልበለጡ አመለከተ። የአእምሮን አጠቃላይ ቅልጥፍና በሚለካው ፈተና ጥቂት ብልጫ ታይቷል። እኔን ያስቆመኝ ግን ሌላው ነው። እያንዳንዷ ላፕቶፕ 200 መጻሕፍት ተጭነውባት ነበር። በነዚያ መንደሮች ከአምስት በላይ መጻሕፍት በቤታቸው ያሏቸው ልጆች ከአራት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። አንባቢ ሆይ፣ አስበው፤ አምስት መጻሕፍት ከሌሉበት ጎጆ ሁለት መቶ መጻሕፍት በአንድ ቀን ገቡ። የልጆቹ የማንበብ ልማድ ግን አልተለወጠም።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ አሰብሁ። እኛ የመጻሕፍት ወዳጆች መጽሐፍ በቤት ውስጥ ካለ አንባቢ ራሱ ይበቅላል ብለን እናምናለን። ፔሩ ይህን እምነታችንን ፈተነችው። እኔ ራሴ አንባቢ የሆንሁት መጽሐፍ ስላገኘሁ ብቻ ነው? አይደለም። መጽሐፉን አንብቦ ጨርሶ፣ የወደደውን ገጽ እየገለጠ ይህችን ስማ ያለኝ ሰው ስለነበረ ነው።

የኡራጓይ ነገር ይለያል። በሜይ 2007 ቪላ ካርዳል በምትባል ከአንድ ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ነዋሪዎች ባሏት የገጠር ከተማ ተጀመረ፤ በኦክቶበር 2009 በአገሪቱ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉ ተማሪዎች ሁሉ ላፕቶፕ አገኙ። ሴይባል የተባለው ይህ ዕቅድ ላፕቶፕ አድሎ አልተመለሰም። ትምህርት ቤቶቹን ከኢንተርኔት ጋር አገናኘ፤ የተሰበረውን የሚጠግን አደራጀ፤ መምህራንን አሠለጠነ። በዚያም ቢሆን የሒሳብና የንባብ ውጤት በላፕቶፑ ምክንያት ከፍ አላለም ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። ነገር ግን የድሃውና የሀብታሙ ልጅ አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው ወደ አንድ ዓለም ገቡ፤ ዕቅዱም የላፕቶፕነት ዘመኑ ካለፈ በኋላ ተቋም ሆኖ ቀረ። ከ2012 ጀምሮ የእንግሊዝኛ መምህር የሌላቸው ክፍሎች ከሩቅ ያለ መምህር በቪዲዮ ያስተምራቸው ጀመር፤ የክፍሉ መምህርም አብሮ ይሠራ ነበር። መዘውሩ በተነቀለ ቁጥር መልሶ የሚሰካ እጅ ነበራቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። በ2008 ከነዚያ ላፕቶፖች ጥቂት ሺህ ያህሉ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ለተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ታደሉ። የእኛ ፊደል የሰፈረበት የኪቦርድ ንድፍም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ከኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ላፕቶፕ የያዙትን ልጆች ካልያዙት ጋር አስተያይተው፣ ረቂቅ ነገርን በማመዛዘን ላፕቶፕ የያዙት ሻል ብለው መገኘታቸውን ጽፈዋል። ትንሽ ውጤት አይደለም። ሕፃን ራሱ የሚያዝዘው ነገር ሲሰጠው አእምሮው ይነቃል የሚለው የፓፐርት እምነት ባዶ እንዳልነበረ ያሳያል።

ላፕቶፒቱ ስትመጣ ግን የእኛ ትምህርት ቤቶች አንድ ሌላ ተአምር አስቀድመው አስተናግደው ነበር። የእኔ ዘመን ተማሪ ፕላዝማ ሲባል ምን እንደሆነ ያውቃል። ከ2004 ጀምሮ፣ በእኛ 1997 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ሰፋፊ ቴሌቪዥኖች ተሰቀሉ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይፈስስልን ጀመር። በስክሪኑ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥያቄውን ጽፈን ሳንጨርስ መልሱን ይነግረናል፤ ጎበዞች እያለም ያልፋል። እኛ አርባ ደቂቃ ሙሉ የምንሮጠው ለመገልበጥ ነው። ከሁሉ በላይ የማይረሳኝ የመምህራችን አቋቋም ነው። ጠመኔውን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። ድሮ በአማርኛ ቀላቅሎ፣ በምሳሌ አዋዝቶ፣ አንዳንዴም ቀልዶ ያስተምረን የነበረ ሰው ነው። አሁን እንደኛው ተመልካች ሆነ። መብራት ሲጠፋ ብቻ ወደ ሰሌዳው ይመለሳል። መብራት እንዲጠፋ የምንጸልይ ተማሪዎች እንደነበርን ዛሬ ብናገር አላፍርም።

የሁለቱን ተአምራት ነገር ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ነገር ይታየኛል። ሐሳባቸው ተቃራኒ ነበር። ፕላዝማው ሕፃኑን ዝም አሰኝቶ ስክሪኑን አናገረ፤ ላፕቶፒቱ ሕፃኑን አዛዥ አድርጋ ሾመች። በአንድ ነገር ግን ተስማሙ፤ መምህሩን ሁለቱም ግድግዳ አስደገፉት።

የዚህ ታሪክ የመጨረሻው ምዕራፍ በእኛው ምድር መጻፉን ብዙ ሰው አያስታውስም። በ2012 ኔግሮፖንቴና ባልደረቦቻቸው ላፕቶፑን ትተው ታብሌት ያዙ፤ ወደ ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮችም መጡ። አንደኛው በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ በሚገኘው በወንጪ፣ ሁለተኛው በስምጥ ሸለቆ በወለንጪቲ ነው። ትምህርት ቤት ለሌላቸው፣ ፊደልም ላልቆጠሩ ልጆች፣ በየመንደሩ ሃያ ያህል ታብሌት በካርቶን እንደታሸገ ሰጧቸው። ለዐዋቂዎች በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረጉን አሳዩ፤ ለልጆቹ ግን ምንም ሳያስተምሩ ሄዱ። በየሳምንቱ አንድ ሰው እየመጣ ልጆቹ ምን እንደነኩ የተመዘገበበትን ሚሞሪ ካርድ ይቀይራል። ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደላትን እያዜሙ በመንደሩ ይዞሩ ጀመር፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት።

ይህ ሁሉ ያስደስታል። የኢትዮጵያ ገጠር ልጅ ብልህነት ለእኛ አዲስ ባይሆንም፣ ሌላው ዓለም ሲደነቅበት ማየት ደረትን ይነፋል። አንድ ልጅ ግን ከልቤ አልወጣ አለ። የእንስሳት ሥዕልና ስም በሚያስተምረው ጨዋታ ሲጫወት የቆየ ልጅ፣ አንድ ቀን የሥዕል መሣሪያውን ከፍቶ በገዛ ፈቃዱ አንድ ቃል ጻፈ፤ ላየን የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል። አንበሳ ማለት ነው።

በዚያ አካባቢ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ አንበሳ ሌንጫ ይባላል። አፋን ኦሮሞ ደግሞ ከ1991 ወዲህ በይፋ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ላየንና ሌንጫ በላቲን ሲጻፉ የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው! ያ ልጅ በጣቱ የሣለው የመጀመሪያው ፊደል፣ በእናቱ ቋንቋ የአንበሳን ስም የሚያስጀምረው ፊደል ነው። ከቋንቋው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ በሩ ክፍት ነበር፤ እጁም እጀታው ላይ ነበር። የእንግሊዝኛው ጨዋታ ግን ይህን አይነግረውም። ይህ ፊደል የእናንተም ቤት ፊደል ነው፣ አያትህ በተረት የሚያወሩልህን ሌንጫ በዚሁ ልትጽፈው ትችላለህ ብሎ ትከሻውን የሚነካው ሰው ያስፈልገው ነበር።

በሊቃውንቱ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። እነርሱ የሄዱት መምህር ወዳልደረሰበት ነው፤ ጥያቄያቸውም መምህር እስኪመጣ ሕፃኑ ምን ያድርግ የሚል ነበር። ይህ የሚያስከብር ጥያቄ ነው። ከስሕተቱም ተምረዋል፤ በወንጪ ሙከራ ላይ ከተሳተፉት አንዱ የመሩት ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ የተባለ ውድድር፣ በታንዛኒያ 170 መንደሮች ለሚኖሩ ልጆች ታብሌት ሲያድል ትምህርቱን ያዘጋጀው በስዋሂሊ ነበር። በ2019 ውጤቱ ሲገለጽ ልጆቹ በንባብ መሻሻላቸው ታይቷል። ልጆቹ ያነበቡት በሰፈራቸው በሚሰሙት ቋንቋ ነው።

እኛም የራሳችን ርካሽ የመማሪያ መሣሪያ እንደነበረን አንርሳ። በአንድ ገጽ ላይ የሰፈረች የፊደል ገበታ ናት። መብራት አትሻም፤ ፀሐይ ላይ ትነበባለች፤ ልጁ ይዟት ቤቱ ይገባል። በየኔታ ፊት የተቀመጠው ልጅ ስንደዶውን ከፊደል ፊደል እያሻገረ ሀ ሁ ሂ ይላል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቆጥራል፤ እርሱ ራሱ መልእክተ ዮሐንስን ያነብባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳዊት ይደግማል። ያንን ትምህርት ቤት ላሳምረው አልሻም። አርጩሜ ነበረበት፤ ሴቶች ልጆች ብዙዎቹ ደጁን አልረገጡም፤ የሚነበበው ግዕዝም ለሕፃኑ ባዕድ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር አልጎደለውም። ስንደዶው ሲሳሳት የሚያይ ዓይን፣ መልሶም በፊደሉ ላይ የሚያሳርፍ እጅ ነበረ።

ዛሬ ያቺ አረንጓዴ ላፕቶፕ የሙዚየም ዕቃ ሆናለች። ሲሞር ፓፐርት በ2016፣ ኮፊ አናን በ2018 ዐረፉ። በየከተማችን ያለ ልጅ ከእርሷ እጅግ የሚበልጥ ስልክ በኪሱ ይይዛል፤ በአንድ ስልክ ውስጥም ሁለት መቶ ሳይሆን ሺህ መጻሕፍት ይገባሉ። የፔሩ ጥያቄ ታዲያ ወደ እኛ ቤት መጥቶ ተቀምጧል። መሣሪያው ደርሷል፤ ይህችን ስማ የሚለው ሰው ማን ነው?

ለዚህ ነው የቱኒሱን ታሪክ ሳስታውስ የማልሥቀው። ሰው ሁሉ የሚያወራው መዘውሩ ስለመነቀሉ ነው። እኔ ደግሞ የሚታየኝ ቀጥሎ የሆነው ነው፤ አንድ ሽማግሌ በካሜራዎቹ ሁሉ ፊት ምንም ሳይናገሩ የተነቀለውን አንሥተው በቦታው መለሱት።